የድሮው ብረት ሳይክል ወይስ ቀላሉ አዲስ? ድሬ ላይ ሆናችሁ ራሳችሁ የምታወዳድሩበት መንገድ

ሳይክል ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ። በአንድ እጁ ብድግ ያደርገዋል። ከቀለለው «አቦ፣ ሳይክል ማለት ይሄ ነው!» ይላል። ከከበደው መልሶ ያስቀምጠዋል። እኔም ለረጅም ጊዜ የምመርጠው እንደዚያ ነበር። ችግሩ ማንሳትና መንዳት ለየቅል ናቸው።

ቤታችን ሁለት ሳይክል አለ። አንዱ የአባቴ ነው። ምድር ባቡር ሲሠራ ጠዋትና ማታ የሚመላለስበት ባለ 28 ጎማ ፎኒክስ፣ ጥቁር፣ ማርሽ የሌለው፣ ኋላው ላይ የጤፍ ጆንያ ቢጫንበት የማይነቃነቅ። ሌላው የኔ ነው፤ ያገለገለ አሉሚኒየም የኮርስ ሳይክል፣ ጎማው ቀጭን። ስድስት ዓመት ሁለቱንም እያፈራረቅኩ ነድቻለሁ፣ አስጠግኛለሁ፣ በሁለቱም ወድቄያለሁ። «የቱ ይሻላል?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው ይሄን የምጽፈው። መልሱ የት ነው የምትነዱት የሚለው ላይ ነው ያለው፣ እሱን ደግሞ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከመደባችሁ በግምት ሳይሆን በራሳችሁ እግር ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ምንድነው?

ሻጩ የሚላችሁንና ላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ለጊዜው ተዉት። ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር ውስጥ ማግኔት አውጡና ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ማግኔቱ ቴላዮው ላይ፣ ማለትም ዋናው የቱቦ አካል ላይ፣ ጥብቅ ብሎ ከተለጠፈ ብረት ነው። ከወደቀ አሉሚኒየም ወይም ካርቦን ነው። እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ቱቦውን በጥፍራችሁ መታ መታ አድርጉት። አሉሚኒየሙ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ካርቦኑ ግን ፕላስቲክ እንደመታችሁ እፍን ያለ ነው። ታይታኒየምም ማግኔት አይዝም፣ ግን በጣም ውድ ስለሆነ እዚህ ያጋጥማችኋል ብዬ አልገምትም።

ብረትም ሁሉ አንድ አይደለም። የአባቴ ፎኒክስ ወፍራም ተራ ቱቦ ነው። ድሮ ለውድድር ተብለው የተሠሩት ግን ሌላ ዓለም ናቸው። የእንግሊዙ ሬይኖልድስ በ1935 እ.ኤ.አ. ያወጣው 531 የሚባለው ቱቦ አለ፣ የጣሊያኖቹ ኮሎምበስም አለ። እንዲህ ያሉት ቱቦዎች ብዙዎቹ ጫፍ ጫፋቸው ወፈር፣ መሃላቸው ሳሳ ተደርጎ የተሠሩ ናቸው። ጥንካሬው ሚፈለገው መጋጠሚያው ላይ ነውና መሃሉ ላይ ክብደት ይቀነሳል። ሳይክሉ ተገጣጥሞ 10 ኪሎ አካባቢ ሊገኝ ይችላል። ከመቀመጫው በታች ባለው ቱቦ ላይ እንዲህ ያለ ተለጣፊ ካያችሁ ቀለሙ ተላልጦ ቢሆንም እንዳታልፉት።

ክብደቱን ለማወቅ መንገድ ዳር ኪሎ የሚመዝኑ ልጆች ጋር ሂዱ። መጀመሪያ ብቻችሁን ተመዘኑ፣ ቀጥሎ ሳይክሉን ተሸክማችሁ። ልዩነቱ የሳይክሉ ነው። የኔዎቹ 19 ተኩል እና 9 ተኩል ወጥተዋል። ይሄን 10 ኪሎ ልዩነት ያዙት፣ እንመለስበታለን።

ሜዳውና ደንገጎ

ድሬ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ መጥቶ እዚህ ሲደርስ ነው። ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራውን ማስወጣቱ ከባድ ስለሆነ ግን ሐረርን እላይ ትቶ በቆላው በኩል አለፈ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ትጠጋለች፣ በመሃል ደግሞ ደንገጎ የሚባለው ዳገት አለ። ለሳይክልም ጥያቄው ያው ነው፤ ታች ነው የምትውሉት ወይስ ወደ ላይ ትወጣላችሁ?

ሜዳ ላይ ጉልበታችሁን በዋናነት የሚበላው ነፋስ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የጎማው ከመንገዱ ጋር መፋተግ ይመጣል። ክብደት በደንብ የሚሰማችሁ ከቆማችሁበት ስትነሱ ነው፣ አንዴ መሄድ ከጀመራችሁ በኋላ 10 ኪሎው የት እንደገባ አታውቁትም። ከከዚራ ሳቢያን ድረስ በኮርሱ ስሄድ በእርግጥ እፈጥናለሁ። ግን ያ ፍጥነት አብዛኛው የመጣው ጎንበስ ብዬ ስለምነዳ ነው፤ ፎኒክሱ ላይ ደረቴን ለነፋስ ገልጬ እንደ ሹም ቀጥ ብዬ ነው የምቀመጠው። ካላመናችሁ ኮርሱን ራሱን አንዴ ጎንበስ ብላችሁ፣ አንዴ ቀና ብላችሁ በአንድ መንገድ ላይ ንዱትና ሰዓቱን ያዙ።

ዳገት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ፍጥነታችሁ ሲወርድ ነፋሱ ይጠፋል፣ የሚቀረው ኪሎ ብቻ ነው። በመካከለኛ ጉልበት፣ 150 ዋት ገደማ እየገፋ የሚነዳ ሰው 10 ኪሎ ተጨማሪ ሲሸከም በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከ1 ደቂቃ በላይ ይዘገያል። ደንገጎን ሙሉውን ስትወጡ ይሄ ተደምሮ አሥር ደቂቃም ሊደርስ ይችላል።

ግን ከኪሎው የሚበልጥ ነገር አለ፤ ማርሹ። ጥርስ ቁጠሩ። የፎኒክሱ ፊት 48፣ ኋላው 20 ጥርስ ነው። 48 ለ20 ሲካፈል 2.4 ነው፣ የጎማው ዙሪያ ደግሞ 2.2 ሜትር ገደማ። ስለዚህ ፔዳሉን አንዴ ስታዞሩ ሳይክሉ 5.3 ሜትር ይሄዳል። የኔ ኮርስ በትንሹ ማርሽ ፊቱ 34፣ ኋላው 32 ነው። አንድ ዙር 2.2 ሜትር ብቻ። ዳገት ላይ በአንድ እርግጫ 5 ሜትር መግፋት ማለት ቆማችሁ፣ ፔዳሉ ላይ ተንጠልጥላችሁ፣ ጉልበታችሁ እስኪንቋቋ ማለት ነው። ሰው «ብረቱ ከብዶኝ ነው ደንገጎ ላይ የወረድኩት» ይላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያወረደው ማርሽ ማጣቱ ነው። ስለዚህ አዲስ ሳይክል ስትገዙ ከኪሎው በፊት የኋላው ትልቁ ጥርስ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ቀላል ሆኖ ኋላው 23 ብቻ የሆነ የኮርስ ሳይክል ሐረር መንገድ ላይ ያሠቃያችኋል።

እንዴት እንደምትፈትኑት

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጡ፣ ፀሐዩም ባጃጁም ሳይበዛ። ለገሀር ባቡር ጣቢያው ጋ ጀምሩና በከዚራ ዛፎች ጥላ ስር ሦስት አራት ኪሎ ሜትር የሚሆን አንድ መንገድ ምረጡ፣ ሄዳችሁ ተመለሱበት። መመለሱ ግዴታ ነው፤ ነፋሱ ስትሄዱ ከረዳችሁ ስትመለሱ ይቃወማችኋልና። ሁለቱንም ሳይክል በአንድ ቀን፣ በአንድ ልብስ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሁለቴ ንዱ። አንዴ ብቻ ከሆነ በኋላ የምትነዱት በድካማችሁ ይከሰሳል።

ከመነሳታችሁ በፊት መቀመጫውን አስተካክሉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ሊዘረጋ ትንሽ ይቅረው። የአብዛኛው ሰው መቀመጫ በጣም ዝቅ ያለ ነው፣ እንደዚያ ተነድቶ ደግሞ ማንኛውም ሳይክል ከባድ ይመስላል። ካቴናውን ዘይት አስነኩት። ጎማውን በልኩ ንፉ፣ ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። እዚህ ጋ ለእኛ አገር ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር። ጎማው 80 ፒኤስአይ ከሆነ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ግፊቱ ወደ 3 ፒኤስአይ ይጨምራል። ጠዋት በቀዝቃዛው እስከ መጨረሻው ቁጥር ነፍታችሁ ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ አታቁሙት፣ ትንሽ አጉድሉለት።

ሰዓቱን ስልካችሁ ይያዝላችሁ። ከሰዓቱ እኩል ግን ሌላም ነገር ያዙ፤ ስትወርዱ ወገባችሁ፣ መዳፋችሁና አንገታችሁ እንዴት ነው? ሥራ የሚሄድ ሰው ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ደርሶ ጀርባውን ይዞ ቢውል ምን ዋጋ አለው። እናቴና እህቶቼ ደግሞ ሽቲ ወይም ድሪያ ለብሰው ነው የሚወጡት፤ ለእንደነሱ ያለ ነጂ ላይኛው ቱቦ ወደ ታች የወረደ ሳይክል ከምንም ኪሎ በላይ ዋጋ አለው። እንዲህ ያለውን በድሮ ብረትም በአዲስም ታገኛላችሁ።

በመጨረሻ ዳገት ላይ ሞክሩ። ሐረር መውጫ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር በቂ ነው። ከዚያ ዙሩና ውረዱ፣ ስትወርዱ ፍሬኑን ፈትኑ። ፎኒክሱ በብረት ዘንግ የሚሳብ ፍሬን ነው ያለው፣ ቸርኬው ደግሞ ኒኬል የተቀባ ብረት ነው። ደረቅ ሲሆን ይይዛል። ዝናብ ከነካው ላስቲኩ እንደ ሳሙና ነው የሚንሸራተተው። ድሬ ብዙ አይዘንብም፣ ወደ ሐሮማያ ስትወጡ ግን ይዘንባል፤ ያን ቁልቁለት እርጥብ ሆኖ፣ ከኋላ የጫት መኪና እየነፋባችሁ በእንዲህ ያለ ፍሬን መውረድን ለማንም አልመክርም። አሉሚኒየም ቸርኬ በእርጥብም በጣም የተሻለ ይይዛል፣ ዲስክ ፍሬን ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ካርቦን ቸርኬ ሆኖ ላስቲኩ እላዩ ላይ የሚጫን ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዛችሁ ከቆያችሁ ሙቀቱ ካርቦኑን የያዘውን ማጣበቂያ ሊያላላው ይችላል።

አሸዋና እሾህ

የደቻቱን ወንዝ በደረቁ አቋርጣችሁ ከከዚራ መጋላ የምትሻገሩ ከሆነ ቀጭኑን ጎማ እርሱት። ባለ 23 ሚሊ ሜትሩ ጎማ አሸዋው ውስጥ ቢላ ሆኖ ይሰምጣል፣ ወርዳችሁ ትገፉታላችሁ። የፎኒክሱ ወፍራም ጎማ ይንሳፈፋል። ከከተማ ወጣ ስትሉ ደግሞ እሾህ አለ። ሁለቱንም ይወጋል፣ ወፍራሙን ግን አልፎ ከመነዳሪው ለመድረስ ይቸገራል። አዲስ ሳይክል ከመረጣችሁ ቢያንስ 32 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚያስገባ ቦታ እንዳለው፣ በጎማውና በቴላዮው መሃል ጣታችሁን አስገብታችሁ እዩ።

ጎማ ላይ ሰው የሚሸወድበት ትልቁ ነገር ቁጥሩ ነው። «28 ስጠኝ» ብላችሁ ትገዛላችሁ፣ ቤት ስትደርሱ አይገባም። 28 የሚባሉ የተለያዩ ጎማዎች ስላሉ ነው። የፎኒክስ ዓይነቱ የድሮ ሳይክል ጎማ ውስጡ 635 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኮርሱ ደግሞ 622። ጎማው ጎን ላይ በትንሹ 28-622 ወይም 40-635 ዓይነት ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ ሁለተኛው ቁጥር ከአሮጌው ጎማችሁ ጋር አንድ መሆን አለበት። ባለ 29 የሚባለው ማውንቴንም 622 ነው፣ ብታምኑም ባታምኑም።

ሲሰበር ማን ይሠራዋል?

ይሄ ለኔ ዋናው ጥያቄ ነው። የፎኒክሱ የኋላ ቱቦ አንዴ ተሰነጠቀ። አባቴ ድሮ አብረውት ምድር ባቡር ጋራዥ ይሠሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጋ ወሰድነው። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት፣ ነጭ እስኪሆን። እሳቱን አቀረቡ፣ ብረቱ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ እንደ ደረቀ በርበሬ ቀላ። የናሱን ዘንግ ጫፍ ሲያስነኩት እንደ ቅቤ ቀልጦ ስርግ ብሎ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። አልቸኮሉም፣ ውኃም አላፈሰሱበትም፣ በራሱ እስኪበርድ ሻይ ጠጣን። «ልጄ፣ ብረት ከመሰበሩ በፊት ይነግርሃል» አሉኝ። እውነት ነው። ብረት ይጎብጣል፣ ይጮኻል፣ ስንጥቁ ላይ ዝገት ያበቅላል፤ ብዙውን ጊዜ ድንገት አይከዳችሁም። ያ ቱቦ እስከ ዛሬ ይዟል።

የኔ አሉሚኒየም መቀመጫው ስር ሲሰነጠቅ ግን ሌላ ታሪክ ሆነ። ጎበዝ በያጅ በአርጎን በየደልኝ፣ ሥራው ያምር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከብየዳው ጎን ላይ እንደገና ተከፈተ። በያጁ አላጠፋም። ሳይክል የሚሠራበት አሉሚኒየም ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ታክሞ ነው፣ ብየዳው ያንን ጥንካሬ ዙሪያውን ያጠፋዋል፤ ለመመለስ ሙሉ ቴላዮውን ምድጃ ውስጥ ማስገባት ይጠይቃል። በተጨማሪ ብረት የማይደክምበት የጫና ወሰን አለው፣ አሉሚኒየም ግን ትንሿንም ጫና እያጠራቀመ ነው የሚሄደው። በመጨረሻ ሌላ ቴላዮ ገዝቼ ዕቃውን ሁሉ አዛወርኩ። ካርቦን ደግሞ ከባድ ምት ከደረሰበት ውስጡ ተጎድቶ ላዩ ደህና ሊመስል ይችላል። ያገለገለ ካርቦን ታሪኩን ከማላውቀው ሰው አልገዛም።

የድሮ ብረት ስትገዙም ግን ዓይናችሁን ግለጡ። ከመሪው ቱቦ ጀርባ፣ ላይኛውና ታችኛው ቱቦ ስር በጣታችሁ ዳስሱ። የተጨማደደ ወይም ያበጠ ነገር ከተሰማችሁ፣ ቀለሙም እዚያ ጋ ከተሰነጠቀ፣ ፊት ለፊት ተጋጭቷል። መቀመጫውን አውጡና በስልክ መብራት ውስጡን እዩ፣ ዝገት ከውስጥ ነው የሚበላው። የኛ አየር ደረቅ ስለሆነ በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን።

ቀጥ ማለቱን በሲባጎ ፈትኑት። የኋላውን ጎማ አውጡ። ሲባጎውን የጎማው ዘንግ ከሚገባበት ከአንዱ ጎን እሰሩ፣ ወደ ፊት ወስዳችሁ በመሪው ቱቦ ዙሪያ አዙሩ፣ መልሳችሁ በሌላው ጎን ወጥራችሁ እሰሩ። አሁን ከሲባጎው እስከ መቀመጫው ቱቦ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለኩ። እኩል ከሆነ ደህና ነው። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ከተለያየ ብረትን የሚያውቅ ሰው ሊያቃናው ይችላል። አሉሚኒየምና ካርቦን ላይ ግን ማቃናት የሚባል ነገር የለም።

እኔ ብሆን

ከተማ ውስጥ ለሥራ፣ ለገበያ፣ ቀፊራ ሄዶ ሸክም ይዞ ለመመለስ የድሮውን ብረት ያለ ምንም ማመንታት እወስዳለሁ። ዳገት ካስቸገራችሁ የኋላውን ጥርስ ባለ 22 አስቀይሩት፣ ትልቅ ለውጥ ታያላችሁ። በየሳምንቱ ወደ ሐረር ለሚወጣ ሰው ደግሞ አሉሚኒየም፣ ኋላው 32 ጥርስና ከዚያ በላይ ያለው፣ ጥሩ ፍሬን ያለው።

ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው የድሮ የውድድር ብረት ያፈላልግ። የኋላው ጎማ የሚገባበት ስፋት 126 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ዲስክ ፍሬን የሌለው ዘመናዊ ባለ ብዙ ማርሽ የኮርስ ጎማ 130 ስለሚፈልግ፣ ብረቱን በጥንቃቄ ከግራም ከቀኝም ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር ማስፋት ይቻላል። በሲባጎው እየፈተሹ ነው የሚሠራው። እንዲህ አድርገው ደንገጎን የሚወጡ ልጆች አይቻለሁ፣ ከኔ አሉሚኒየም ወደ ኋላ አይቀሩም።

ከገዛችሁ በኋላ የመጀመሪያውን 50 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ቁልፍ ያዙ። የፔዳሉን ክንድ የያዘው ሽብልቅ በድሮዎቹ ላይ ይላላል፤ ከስሩ እንጨት ደግፉና በመዶሻ መታ አድርጋችሁ ብሎኑን አጥብቁት። አዲስ ላይ ደግሞ የማርሹና የፍሬኑ ሽቦ ይለጠጣል፣ አስጠብቁት። የመቀመጫውን ዘንግ አውጥታችሁ ግራሶ ቀቡት፣ በተለይ ዘንጉ አሉሚኒየም ሆኖ ቴላዮው ብረት ከሆነ። ሳይቀባ ዓመት ከቆየ ሁለቱ ይጣበቃሉ፣ ያኔ በመጋዝ ካልሆነ አይወጣም።